«የቤተሰብ ብዛት» የሚለው ዓምድ

የሻሽዬ፣

የአርጆው አውቶብስ ሊሄድብኝ ነው። የዝውውር ደብዳቤዬ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። አልነገርኩሽም።

የጽሕፈት መኪናውን ማቆሚያዎች ለቀበሌው የስኳር ዕደላ ዝርዝር አስተካክዬልሻለሁ። ስም ጽፈሽ የማቆሚያውን ቁልፍ ስትጫኚው መኪናው ራሱ ሄዶ የቤት ቁጥር ላይ ይቆማል። ስትደግሚው የቤተሰብ ብዛት ላይ።

እባክሽ፣ ደብዳቤ መጻፍ ባማረሽ ቁጥር በግራ በኩል ያለችውን እጀታ አትሳቢ። እሷ ማቆሚያውን ሁሉ ታጠፋዋለች። አንቺ ስታጠፊ እኔ መልሼ ስተክል ሦስት ዓመት ኖርን።

እሑድ ዕለት የጮህኩብሽ ግን በእሱ አልነበረም፤ የዝውውሩ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የበሩን ቁልፍ ለጎረቤታችን ለአዴ ወለቴ ሰጥቻቸዋለሁ። ሽሮው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ጋቢውን ለአንቺ ትቼዋለሁ፣ አርጆ ይበርዳል እያልሽ እንዳትልኪልኝ።

ዝርዝሩን ነገ ጠዋት ለቀበሌ አድርሺው። እኔው ልጨርሰው ነበር። የኛ ቤት ላይ ስደርስ መኪናው እንደ ልማዱ ሄዶ የቤተሰብ ብዛት ላይ ቆመ። እስከ ዛሬ «2» ነበር የምንለው። ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ፣ ከዚያ ባዶውን ተውኩት።

አንቺ ሙዪው።

ናጋቲ፣ ደኅና ሁኚ እህቴ።
ብርቄ