የእትዬ ዝርዝር የሕይወት ታሪክና የሁለተኛው ቅጽ ነገር

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አንድ ወሬ ሳይሰለቻቸው ሲያወሩ ኖረዋል። «እትዬ ዝርዝር የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ሸጠው ነው ቤታቸውን በአዲስ ቆርቆሮ ያስከደኑት» ይላሉ። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይወጣም። ቆርቆሮው የተመታው በ1993 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ ጠፋ የተባለው በ1996 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ሙሉ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ለሚውሉ ሰው ይህን ያህል መለካት ይከብዳል ብለን አናምንም። ዛሬ በቀብሩ ላይ ስለተገኙ ግን ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል። ሐቀኛው የሕይወት ታሪካቸው የሚከተለው ነው።

እትዬ ዝርዝር ከአናጺ አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በኅዳር ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን፣ ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ነበሩ። ፊደል የለዩት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ነው። አባታቸው ምስማር ገዝተው ሲመጡ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጉ ያነቡ ነበር። ዜናው ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቆረጥባቸው ስለነበረ፣ የቀረውን ራሳቸው ፈጥረው ለእህት ወንድሞቻቸው ይተርኩ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው እስከ ዛሬ ድረስ የትኛው የጋዜጣው፣ የትኛው የእህታቸው እንደነበረ መለየት አልቻሉም።

በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው በ1966 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በቀጣዩ ዓመት የዘጠኝ ወር የቤተ መጻሕፍት ሥራ ሥልጠና ወሰዱና በ1968 ዓ.ም. በከተማው ቤተ መጻሕፍት በረዳትነት ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ማኅተም መምታት ነበር። ማኅተም አጣመው አያውቁም።

በ1971 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው የንባብ ክፍሉን አምፖል ሊቀይሩ መጥተው መሰላል ላይ እንደቆሙ «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ማስታወቂያ ጮክ ብለው ያነበቡ ሰው ናቸው። እትዬ ዝርዝር «ውረድና ለራስህ አንብበው» አሏቸው። ወረዱ፤ ከዚያም በኋላ በቤታቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። በትዳራቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1979 ዓ.ም. የአዲስ መጻሕፍት ክፍል ተጠሪ ሆኑ። ክፍሉ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ቁልፉ የተሰበረ አንድ ቁም ሣጥን ነበረው። በየወሩ መጀመሪያ የገቡትን መጻሕፍት ዝርዝር በእጃቸው ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚያ ነው። ዝርዝሩ አራት ርእስ ነበረው፦ ኢኮኖሚክስ፣ ልማት፣ የጓሮ አትክልትና ታሪክ። ደንቡ የመጽሐፉና የደራሲው ስም ብቻ ይጻፍ ይላል። እርሳቸው ግን መጽሐፉን አንብበው ከሥሩ አንዲት መስመር ጣል ያደርጉ ነበር። ከኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ሥር «ለባለሱቆች ይጠቅማል። ሦስተኛውን ምዕራፍ ዝለሉት፤ ደራሲውም የገባቸው አይመስልም» ብለው ጽፈዋል። ከልማት መጽሐፍ ሥር «ስለ ገበሬ አራት መቶ ገጽ። ገበሬው አንዴም አልተጠየቀም» ብለዋል። ስለ ጓሮ አትክልት ደግሞ «ሥዕሉን እመኑ፣ የውኃውን ልክ ግን አትመኑ። እንደ ታዘዝኩት አጠጥቼ ቲማቲሜን አሰጠምኩት» የሚል ይገኛል። ሰው ዝርዝሩን አንብቦ ለመሳቅ ይመጣና መጽሐፍ ታቅፎ ይመለስ ነበር። የአትክልት መጻሕፍት በገጾቻቸው መሐል አፈር ይዘው ሲመለሱ ሌሎች ሠራተኞች ይቆጣሉ፤ እርሳቸው ግን በቀለም ብሩሽ ጠርገው ይመልሷቸው ነበር። «አፈር ያልነካው የአትክልት መጽሐፍ ሥራ ፈት ነው» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋታቸው እንምጣ። ጥፋት ነበረባቸው፤ ቤተሰቡ አይክድም።

አዲስ መጽሐፍ በካርቶን ሲመጣ ከላኪው ዝርዝር ጋር ይመሳከራል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ማኅተምና ቁጥር ያገኛል፣ ከዚያ ነው ለአንባቢ የሚሰጠው። ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ አንዳንዴ ሦስት ወር ያልፋል። እትዬ ዝርዝር ይህን መጠበቅ አልቻሉም። ስለ ችግኝ የተጻፈ መጽሐፍ ዝናቡ ካባራ በኋላ ለማን ሊሆን ነው? «ዘር መዝገብ አይጠብቅም» እያሉ ካርቶኑ በተከፈተበት ቀን ለሚያውቋቸው ሰዎች ያውሱ፣ የወሰደውንም ሰው በአንዲት ትንሽ ደብተር ይጽፉ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ ያዋሷቸው መጻሕፍት አንድም ሳይቀሩ ተመልሰዋል።

በመጋቢት 1996 ዓ.ም. አርባ ሁለት መጻሕፍት የተመዘገቡበት ዝርዝር ከካርቶን ጋር ደረሰ። የዝርዝሩ የመጨረሻ ሁለት መስመሮች «የመንገዶችና የድልድዮች ታሪክ፣ ቅጽ ፩» እና «ቅጽ ፪» ይላሉ። ካርቶኑ በተከፈተ በሰዓቱ ፀጉር አስተካካዩ መጡ። «ደንበኛ ተራ ሲጠብቅ የሚያነበው አንድ ወፍራም ነገር ስጡኝ፤ ቀጭኑን ጨርሰው ወሬ ይጀምሩብኛል» አሉ። እትዬ ዝርዝር ከላይ ያገኙትን ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ በካኪ ወረቀት ሸፍነው ሰጧቸው። በደብተራቸውም «ታሪክ፣ አንድ» ብለው ጻፉ። በሥራ ዘመናቸው ሳያነቡት ያዋሱት መጽሐፍ ያ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት አዲስ ኃላፊ ተሾሙ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቆጣሪ ሰው ነበሩ። ወንበራቸው ሳይሞቅ ቆጠራ አዘዙ። አሥራ አንድ መጻሕፍት በውሰት ወጥተው ነበር፤ ሁሉም በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተመለሱ። እትዬ ዝርዝር ጉዳዩ እስኪጣራ ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ ስለታገዱ ፀጉር አስተካካዩ የያዙትን ለኃላፊው ጸሐፊ አስረከቡ። ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ሲቆጠሩ አርባ አንድ ሆኑ። ደጋግመው ቢቆጥሩም አርባ አንድ ነው። የጎደለው የታሪኩ ሁለተኛ ቅጽ መሆኑ ተጻፈ።

ኃላፊው ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠየቋቸው።

«እትዬ፣ ሁለተኛውን ለማን ሰጡት?»

«የሰጠሁት አንድ መጽሐፍ ነው። የተመለሰውም አንድ ነው።»

«ዝርዝሩ ሁለት ይላል።»

«እንግዲያው ዝርዝሩ ተሳስቷል።»

«ዝርዝር አይሳሳትም እትዬ፤ የሚሳሳተው ሰው ነው። ይህንን ከርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

ሰው ሳቀ። የቤተሰቡ ነገር ሆኖ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ኃላፊው ቆየት ብለው «ዋጋውን ይተኩና ፋይሉን እንዝጋው» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። እትዬ ዝርዝር «ከከፈልኩ ወስጃለሁ ማለት ነው» ብለው እምቢ አሉ። ባለቤታቸው፣ ወንድማቸው፣ ልጆቻቸው ለመኗቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። በሰኔ ወር «በግዴለሽነት ንብረት በማጥፋት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸውና ምድር ቤት ወዳለው የጥገና ክፍል ተዛወሩ።

በጥገና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ። የላላ ጥራዝ በመርፌና በክር ይሰፉ፣ የተቀደደ ገጽ በሙጫ ይጠግኑ፣ የተንጋደደውን በብረት መጭመቂያ ያቀኑ ነበር። የክፍሉ ብቸኛ መስኮት ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለነበረ የሚታያቸው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። አንባቢዎቻቸውን በጫማቸው ለዩ። «መምህሩ ዛሬም ሶሉን አላስጠገነም፤ ደመወዝ ዘግይቷል ማለት ነው» ይሉ ነበር። ወደ ላይኛው የንባብ ክፍል ግን ስማቸው ሳይነጻ ላይወጡ ምለው ነበር፤ አልወጡምም። በሩ ላይ ከሚለጠፈው ዝርዝር ሥር አንዲት መስመር ጣል ማድረጉም ያን ጊዜ ቀረ። አዲስ የተመደበው ሠራተኛ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም ብቻ ይጽፍ ነበር፤ የሚያነብለትም አልነበረም።

ሁለተኛውን ቅጽ መፈለግ ሁለተኛ ሥራቸው ሆነ። ለላኪው ድርጅት ጻፉ። «በዝርዝሩ መሠረት ሁለቱም ቅጾች ተልከዋል» የሚል መልስ መጣላቸው። ሁለቴ ደግመው ጻፉ፤ ያው መልስ በሌላ ፊርማ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዘንድ እየዞሩ ሁለተኛ ቅጽ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር። አንድ ነጋዴ «እትዬ፣ እኔ እኮ የዚህ መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ ለብቻው ሲሸጥ ሰምቼ አላውቅም» ብሏቸው ነበር። እርሳቸው «አንተ ያልሰማኸው ብዙ ነገር አለ» ብለው አለፉት። እልኸኛ ነበሩ። ይህም በቤተሰባችን የሚወረስ ነው።

በቤታችን የዚያ መጽሐፍ ስም አይነሳም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የወንድማቸው ልጅ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም፣ የዚያን ቤተ መጻሕፍት ኢኮኖሚክስ፣ ልማትና የጓሮ አትክልት ከመደርደሪያ መደርደሪያ አንብባ የጨረሰች ናት። ዲፕሎማ ባይኖራትም ባለ ዲፕሎማዎቹ ደብዳቤ ሊያስጽፉ ወደ እርሷ ይመጣሉ። የታሪክ መደርደሪያ ጋ ግን ደርሳ አታውቅም። አክስቷን ያዋረደ መጽሐፍ በቆመበት መደርደሪያ አትቆምም።

ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም አረፉ። እትዬ ዝርዝር በ2007 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ፣ ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ተጠየቁ። «አልወሰደችም የሚል አንድ መስመር ጻፉልኝ» አሉ። የግድግዳ ሰዓት ሸለሟቸው። ሰዓቱ በትክክል ይሠራል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለንም።

ከጡረታ በኋላ በጓሯቸው ጎመን፣ ቃሪያና ካሮት ያለሙ ነበር። የጎረቤት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጭምር ማንበብ አስተምረዋል፤ የልብስ ሰፊው ባለቤት አንዷ ናቸው።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሕመሙ በጠናባቸው ጊዜ የቀድሞው ኃላፊ፣ እርሳቸውም ጡረታ ወጥተው ከዘራ ይዘው፣ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጠየቋቸው። ብርቱካን ይዘው ነበር። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ «እትዬ፣ እስቲ ይቅር እንባባል። የሆነው ሆኗል» አሏቸው። እትዬ ዝርዝር ብርቱካኑን ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቁ። ይቅርታውን በተመለከተ ግን «መጽሐፉ ሲገኝ» አሉ። ኃላፊው እያለቀሱ ወጡ። እኛም «አክስቴ፣ ምን ነበረበት አንድ ቃል ቢሉ?» ስንላቸው «አንዱን ቃል ካልኩማ ወስጃለሁ ማለት አይደል?» አሉን። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። ጠዋት ጠዋት ብቻ በር ሲከፈት ቀና ብለው «ተገኘ?» ይሉ ነበር።

ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እትዬ ዝርዝር ነርስ የሆነች ሴት ልጃቸውን፣ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል። ያስታመሟቸውን ሐኪሞች፣ ደም የሰጡ ጎረቤቶችን፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ያጽናናችሁንን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሰው ሁሉ በእውነተኛ ስሙ በሚጠራበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ከእልኻቸው ጥቂቱን፣ ከትዕግሥታቸው ብዙውን ያድለን።

ከዚህ በታች ያለው ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ የተጨመረ ነው። አታሚው ግማሽ ገጽ ቦታ ስለነበራቸው ፈቅደውልናል።

የመጽሐፉ ርእስ ላይ እንዳንሳሳት የወንድማቸው ልጅ ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዳ ነበር። መጽሐፉ የታሪክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጀርባው በካኪ ወረቀት ተሸፍኗል፤ የታጠፈው በአክስቷ እጅ ነው። ባለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ጥገና ክፍል ወርዶ አያውቅም፤ ያልተነበበ መጽሐፍ አይቀደድምና። የውሰት ካርዱ ባዶ ነው፤ ከፀጉር አስተካካዩ በኋላ የተዋሰው ሰው የለም። የመጀመሪያው ገጽ «ቅጽ አንድ» ይላል፤ መዝገቡም የተሞላው ከዚያ ገጽ ነው። ቅጽ አንድ በገጽ 412 ያበቃል። ቀጥሎ አንድ ባዶ ወረቀት አለ። ባዶው ወረቀት ሲገለጥ፣ በዚያው ጥራዝ ውስጥ፣ «ቅጽ ሁለት» ይልና የገጹ ቁጥር እንደገና ከአንድ ይጀምራል።