በአዳራሹ ስለተሳለሟቸው ባለጺም ሽማግሌ

ለተከበሩ አቶ አለምሰገድ
በአውሮራ የደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ጉልበትዎን ያጽናልን፣ የወገብዎንም ሕመም ያንሣልዎትና፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እጅግ ደህና ነን፤ እንዲያውም ልጄን ሩቲን ከመዘምራን ካገዱልኝ ጀምሮ ቤታችን ሳቅ በሳቅ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ምእመናን ሁሉ እያነበቡት ላቀርብልዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ሩቲ፣ ሎውሪ ሰፈር ባለው ሀይስኩሏ ለክላስ ገለጻ በዕጣ የደረሷትን፣ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት የኖሩ እንግሊዛዊ ፈላስፋ ፖስተር በደብራችን አዳራሽ ውስጥ አስደግፋ ልምምድ ስትገባ፣ እርስዎ ጺማቸውን አይተው ጻድቅ አባት መስለዎት ተሳልመዋቸዋል። አልሳቅኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ግርማ ሞገሳቸውን ሳየው እኔም ብሆን እሳለማቸው ነበር። ብቻ ስሕተቱ የእርስዎ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ለልጄ እንዴት እንደደረሳት አልገባኝም።

ሁለተኛ፣ የተሳለሙት ፈላስፋ መሆናቸው ሲነገርዎት ልጄን ከሃዲ ብለዋታል። ሰውየው ያሉት እኮ፣ ሳይንስ ፍጥረት ቀስ በቀስ እንዴት እንደተለወጠ ሊያስረዳ ይችላል፣ ከሁሉ በስተጀርባ ያለውን ግን አላውቀውም፣ ማንም አውቃለሁ አይበለኝ ነው። እኔ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ሆኖም በቅዳሴ ላይ አምላካችን የማይመረመር ነው ሲባል፣ እርስዎ ከፊት ቆመው አሜን ሲሉ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ሩቲም ለክላሷ ያለችው፣ እሳቸው እዚያ ደርሰው ቆሙ፣ እኛ ደግሞ እዚያው ቆመን እንሰግዳለን ነው። ቢጠይቋት ትነግርዎ ነበር።

ሦስተኛም ነበረኝ፣ ምስጋናው በዝቶብኝ ረሳሁት። መጽሐፍ ሲያዩ የሚያዛጉት የመዘምራን ልጆች በሙሉ፣ ያስቆጡዎት ሽማግሌ ምን እንዳሉ ለማወቅ ላይብረሪውን አጨናንቀውታል። እኛ ወላጆች አንብቡ እያልን ስንለማመጥ የኖርንበትን እርስዎ በአንድ እገዳ ጨረሱልን፤ እጅዎ ይባረክ።

እንግዲህ ጥምቀት ደርሷል። መዝሙሩን ልትመራ የነበረችው ሩቲ ናት፤ ቀሚሷም ተተኩሶ ተሰቅሏል። ወደ ቦታዋ እንዲመልሱልኝ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ግን ብዙም ሳላጎነብስ፣ እለምንዎታለሁ።

ቁጣዎን ከበረከት የምትቆጥር፣ ለዕድሜዎ መርዘም ሻማ የምታበራ ታናሽ እኅትዎ፣
ብርቅነሽ ወልደየስ፣ ከእንግልውድ

ማሳሰቢያ፦ በሩቲ ቦታ የሾሟት ልጅዎ ስምረት ሰሞኑን የት እንደምታመሽ አሳስቦዎት ከሆነ፣ እኛ ቤት ናት። ዜማው አልያዝላት ብሎ ሩቲ እያስጠናቻት ነው። ሊወስዷት ሲመጡ ከከሃዲዋ ቤት ሰው እንዳያይዎ ከቤቱ ጀርባ ፓርክ ያድርጉ።