የሳብሁት እኔ ነኝ

ደባርቅ
ጥር 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእህት ዓለሜ ለአምሳል ውቤ፤ አሰብ

እንደምን ከርመሻል? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛስ ደህና ነን ብዬ ልጀምርልሽ አልቻልሁም።

ልጅሽ ስጦታ ጎንደር ሐኪም ቤት ከተኛች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ባለቤቴ ታንጉት አጠገቧ ናት። እኔ ወደ ደባርቅ የተመለስሁት ከቀበሌ ደብዳቤ ላወጣልሽ ነው።

ከተወለደች ጀምሮ በአፏ እንደምትተነፍስ ታውቂያለሽ። ሙቀቱ ያፍናታል ብለሽ ስትተዪልኝ፣ «አንተ የጤና ሰው ነህ» ብለሽኝ ነበር። ኅዳር ላይ በግራ አፍንጫዋ ውስጥ ሥጋ አየሁ። ስታለቅስ ያብጣል፤ ዝም ስትል ይመለሳል። በአዋቂዎች ላይ የማውቀው የአፍንጫ ሥጋ መሰለኝ። ጥር አምስት ቀን ትንፋሽ ላገኝላት ብዬ ወደምሠራበት ክሊኒክ ወሰድኋትና በመቆንጠጫ ሳብሁት። አምሳል፣ ሌላ ሰው አይደለም፤ የሳብሁት እኔ ነኝ።

ደሙ ቶሎ ቆመ። ከዚያ ግን ጎንበስ ባለች ቁጥር እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይንጠባጠብ ጀመር። «አጎቴ፣ አፍንጫዬ እያለቀሰ ነው» ትለኛለች። ጉንፋን ነው አልኋት። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ አንገቷ አልታጠፍ አለ። እህል በጫነ መኪና በዳባት በኩል ጎንደር አደረስናት።

ሁሉን ስነግረው ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ።

«ስትፈጠር ከአፍንጫዋ በላይ ያለው አጥንት አልገጠመም። በክፍተቱ የወረደው የአንጎሏ ሽፋን ነው። ስታለቅስ የሚያብጠውም ለዚያ ነው። የሳብኸው እሱን ነው፤ የሚንጠባጠበው የአንጎሏ ውሃ ነው፤ በቀዳዳው ተሕዋስ ገብቶ ማጅራት ገትር ይዟታል» አለኝ።

«ሳይነካ ባመጣትስ ኖሮ?» አልሁት።

«እምብዛም የማያጋጥም በሽታ ነው፤ ቢሆንም አዲስ አበባ ልከን ክፍተቱን መድፈን ይሞከር ነበር። አሁን መጀመሪያ ማጅራት ገትሩ መዳን አለበት።»

መርፌው በየስድስት ሰዓቱ ይሰጣታል። ከትናንት ወዲያ በስሟ ስጠራት ዓይኗን ትገልጥ ነበር። ትናንት ስሰናበታት አልገለጠችም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ገሠሠ፣ «ምን ያህል ታማለች ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

«በጣም» አልሁት። ጽፎ ማኅተሙን መታልኝ። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ለወደቡ አለቆችሽ አሳዪያቸው፣ ፈቃድ አይከለክሉሽም።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ እሱን ፊት ለፊት ቆሜ ነው። እመ ብርሃን መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ጉልበትሽን ታጽናልሽ።

ሐኪሙ «እናቷ ትምጣ» ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ወንድምሽ
አገኘሁ ውቤ