ቀይዋ መኪና እስከ እሁድ

ሰኞ፣ ጥር 8 ቀን 1987

ተሰነጠቀ። ከታች በኩል፣ ከማሰሪያው አጠገብ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ። ከመካኒሳ ስመለስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ስከፍተው ራዲያተሩ ሲግል የሚተርፈውን ውሃ የሚቀበለው የፕላስቲክ ዕቃ ባዶውን ቀርቷል። ሃያ ሦስት ዓመት አገልግሏል። ቢጫ ሆኖ፣ ስነካው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።

መለዋወጫ የለም። ፒያሳ የለም፣ መርካቶ የለም። ጣራዋ የሚከፈት የጣሊያን ስፖርት መኪና በዚህ ከተማ ስንት አለና።

ሠርጉ እሁድ ነው። ልጄ ህሊና ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ «እኔ የማገባው በቀይዋ ነው» ስትል ኖራለች። እኔም ቃል ገብቻለሁ። የሠርግ መኪና ደግሞ የሚሄደው በእግረኛ ፍጥነት ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ከፊት ፒካፕ ላይ ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ» ይላል፣ ከኋላ ክላክስ ይጮኻል። ለዚህ ሞተር ከዚያ የከፋ ፈተና የለም። ነፋስ ካላገኘ ይፈላል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ መሆኑን ማን ያስባል።

ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ መጣ። የልጄ እጮኛ ነው፣ ጎተራ ጋራዥ አለው። ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ ያመላለስኳቸው በዚሁ በጋራዡ ምክንያት ነበር። ኮፈኑን ክፍት ሲያየው «ጋሼ፣ ልውሰዳትና ጋራዥ ልያት?» አለኝ።

«ይቺን መኪና ኮሌጅ ያልገባ ሰው ነክቷት አያውቅም» አልኩት።

አጠገባችን የነበረችው ህሊና ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። እሱ «እሺ ጋሼ» አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «አዲስ የሚያሠሩ ከሆነ መተንፈሻ እንዲተዉለት ይንገሯቸው» አለኝ። ከነገ ጀምሮ እስከ እሁድ ደጃችንን አይረግጥም፤ እናቱ ከልክላዋለች፣ ነውር ነው ብላ። ተገላገልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 9

ከናስ ላሠራው ወሰንኩ። ጠዋት ቁጭ ብዬ ነደፍኩት፦

ይዘቱ ከድሮው በግማሽ የሚበልጥ።
ማሰሪያው ሁለት፣ በጎማ የተደገፈ።
ክዳኑ በጥርስ የሚጠብቅ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው።
አንድ ጠብታ እንዳይወጣ።

ውሃው ሲግል ምን ያህል እንደሚጨምር ሁለት ጊዜ አሰላሁ። ሁለቱም አንድ ሆነ። እጄ አሁንም አልረሳም።

ቄራ ሽፋ የሚባል ራዲያተር በያጅ ጋ ወሰድኩት። ንድፉን ገልብጦ፣ መልሶ ገልብጦ አየው።

«ቀዳዳው የት ይሁን ኢንጂነር?»

«የትም አይሁን።»

«ይሄ ነገር እኮ ይተነፍሳል።»

«የሚተነፍስ ያፈሳል። ያፈሰሰው ቬሎ ላይ ይረጫል።»

«ሙሽራዋ ኮፈን ውስጥ ነው እንዴ የምትቀመጠው?» አለና ሳቀ። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በንድፉ መሠረት ሥራው አልኩት። በንድፉ መሠረት ሠራው። ብየዳው ግን ያምራል፣ ይህን አልክድም።

ረቡዕ፣ ጥር 10። ከተራ

ገጠምኩት። ልክክ አለ። በጠዋቱ ቅዝቃዜ ግቢ ውስጥ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት አስነስቼ አቆየሁ። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሃል ላይ ቆመ። አንድ ጠብታ የለም። በጨርቅ ዙሪያውን ጠረግሁት፣ ጨርቁ ደረቅ ነው። ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ባለቤቴ አስቴር ከበረንዳው ሆና ታየኝ ነበር።

«በል አሁን ልጁን ይቅርታ ጠይቀው።»

«ምን አድርጌ?»

«ያደረግኸውን ታውቃለህ። ልጅህ ከሰኞ ጀምሮ አላናገረችህም፣ ልብ አላልክም?»

ልብ ብያለሁ። ቀጥላ የነገረችኝ ግን ባሰ። ህሊና ለማንኛውም ብላ ነጭ የኪራይ መኪና አስይዛለች። ለማንኛውም። በአባቷ ሥራ ላይ መጠባበቂያ ያዘች። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ጥር 11። ጥምቀት

በመንገድ ልፈትናት ወጣሁ። ሰው ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ሄዷልና አስፋልቱ ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ። ከብስራተ ገብርኤል ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ታቦቱ ሲመለስ አገኘሁት። ከፊቴ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ከኋላዬ ሕዝብ። ማለፍ የለም፣ መዞር የለም፣ ክላክስማ አይታሰብም። በእግረኛ ፍጥነት፣ ያውም እየቆሙ እየዘመሩ። ለእሁድ የፈራሁት ፈተና በሐሙስ መጣብኝ።

መርፌው ወጣ። መሃሉን አለፈ። ቀዩን ነካ። ሞተሩን ላጠፋ እጄን ስሰድ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ጧ አለ። እንፋሎቱ መስተዋቱን ሸፈነው። ቡናማ ውሃ አስፋልቱ ላይ ወረደ፣ እልል ሲሉ የነበሩ ልጃገረዶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዘለሉ።

«ፋዘር፣ መኪናዋም ተጠመቀች» አለ አንድ ጎረምሳ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ግን ወደ ዳር የገፉልኝ እነሱው ናቸው።

አንዲት እናት ጆግ ይዘው ቀረቡ። ጆጉንም ኮፈኑንም አዩና፣ «ጠበል ነው ልጄ፣ ለመኪና አይሆንም። አንተ ግን ፊትህን ታጠብ፣ ነድደሃል» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ። አፈሰሱልኝ። በሃምሳ አራት ዓመቴ መንገድ ዳር ፊቴን ታጠብኩ።

ሲበርድ ከፈትኩት። ያ ያማረ ብየዳ ከዳር እስከ ዳር ወደ ውጭ ተገልብጧል። ያኔ ገባኝ። ውሃውን ሁለት ጊዜ አሰላሁ፣ አየሩን አንድ ጊዜም አላሰብኩትም። ውሃው ሲመጣ አየሩ መውጫ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዲመለስ አየር መግባት አለበት። ሁለቱንም ዘግቼባቸዋለሁ። አንደኛ ዓመት ተማሪ ይስታል? ሁለት ሰው ነግሮኛል። ሁለቱም ዲግሪ የላቸውም።

ከቤቶቹ ውሃ ለምኜ፣ እየቆምኩ እያስበረድኩ ቤት ገባሁ። ህሊና በመስኮት አየችኝ። መጋረጃውን መለሰችው።

ዓርብ፣ ጥር 12

ዕቃውን ፈትቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ በታክሲ ጎተራ ሄድኩ። የሙሽራ አባት በሠርጉ ሳምንት ወደ ሙሽራው ጋራዥ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። ጭኔ ላይ አስቀምጬው መንገዱን ሙሉ የምለውን አዘጋጀሁ።

በዓል ስለሆነ ጋራዡ ዝግ ነው፣ እሱ ግን ውስጥ የሚዜዎቹን መኪና ያጥባል። ጋዜጣውን ፈታሁት። ተቀብሎ የተቀደደውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ነግሬዎት ነበር» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።

«ሰኞ ያልኩህ ነገር...» አልኩ።

«የቱን ጋሼ?»

«ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ያንን መሰርሰሪያ ያቀብሉኝ።»

አቀበልኩት። ቀጥሎ ሞረድ ጠየቀኝ፣ ቀጥሎ ጨርቅ። ሁሉንም አቀበልኩት።

ብየዳውን መልሶ አጠበቀ። ክዳኑን ሊበሳ ሲል «ስንት ሚሊ ሜትር?» አልኩት።

«የእስክሪብቶ ቀፎ ያህል።»

«የእስክሪብቶ ቀፎ መለኪያ አይደለም።»

ሳቀና መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። «እንግዲያው ይለኩት።» የእስክሪብቶዬን ቀፎ ውስጡን ለካሁት። አራት። እሱ በዓይኑ መርጦ መሰርሰሪያው ላይ የገጠመውም አራት ነበር።

ከራዲያተሩ የሚመጣውን ቱቦ እስከ ዕቃው ወለል አስረዘመው፣ ሲመለስ ውሃ እንጂ አየር እንዳይስብ። ከጎኑ ደግሞ ሐኪም ቤት ግሉኮስ የሚሰጥበትን ግልጽ ቱቦ ቀጥ አድርጎ ገጠመ። የውሃው ልክ ክዳን ሳይከፈት ከውጭ ይታያል። እኔ ይህን በመቶ ዓመት አላስበውም።

«መግጠሙ የእርስዎ ነው» አለኝ። «እኔ ደጃችሁ ብታይ ሚዜዎቼ ይበሉኛል።»

ቅዳሜ፣ ጥር 13

ገጠምኩት። የውሃውን ልክ በምስማር ጫፍ ናሱ ላይ ጫርኩ። ሞተሩ ሲግል ውሃው በቱቦው ውስጥ ሁለት ጣት ወጣ። አጠፋሁ። ሳይመለስ ድንኳን ተካዮቹ መጡና መኪናዋን ካላነሳችሁ አሉ። መመለሱን አላየሁም።

ህሊና ጸጉሯ ላይ ጥቅልል እንደታሰረ ወጣች። ከሰኞ ወዲህ ያናገረችኝ ዛሬ ነው።

«አባዬ፣ ነጩ መኪና ይቅር?»

«አላውቅም» አልኳት። ለዚህች ልጅ ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም። «ብርሃኑን ጠይቂው።»

ትንሽ አየችኝ። «እሱማ ይቅር ብሏል» አለችና ገባች።

እሁድ፣ ጥር 14

ሙሽራው ገና ከደጅ ኮፈን ከፈተ። በሙሉ ልብሱ አጎንብሶ ቱቦዋን አየ። ሚዜዎቹ ጮኹበት፣ አስቴር በሳቅ ሞተች። ለሚነዳው ሚዜ አምስት ነገር ነገርኩት፣ ሦስቱን የሰማ አይመስለኝም። ሄዱ። ልጄ ከኋላ፣ ቬሎዋ ከመኪናዋ ሞልቶ ፈስሶ። የሙሽራ አባት ቤት ይቀራል። ክላክሱ እስኪጠፋ ድረስ በር ላይ ቆምኩ። ማን ደውሎ ይነግረኛል። እንግዳ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለኛል፣ እኔ የማስበው መርፌውን ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 16። መልስ

በቀይዋ መጡ። በሩ ላይ የሞተሯን ድምፅ ስሰማ ወጣሁ። ብርሃኑ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ላነሳው ስል በጆሮው፣ «ፈላች?» አልኩት።

«አንዴ ውሃው እስከ አፉ ወጣ። ከዚያ ተመለሰ።»

ከምሳ በኋላ እንግዶቹን ትተን ወጣን። ኮፈኑን እሱ ከፈተ። ሞተሩ በርዷል። ውሃው በምስማር ከጫርኩት መስመር ላይ ቆሟል፣ ከላይም አይደለም፣ ከታችም አይደለም። አጎንብሼ ብዙ አየሁት።

ቁልፉን ሊመልስልኝ ዘረጋ። «ያዘው፣ መመለሻ ያስፈልጋችኋል» አልኩት። ቅዳሜም ይዘሃት ና፣ ፍሬኗን አብረን እንያት አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። የዛሬው እሺ አላናደደኝም።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን እስካሁን አላወጣሁትም። ቅዳሜ ሩቅ አይደለም።