የእህትሽ የወንበር ጓደኛ

ለምወድሽ የበኩር ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ እናትሽም ከነቁጣዋ ደህና ናት።

ከታናሽ እህትሽ ጎን የምትቀመጠውን ያቺን ሳቂታ ታስታውሻታለሽ አይደል? ባለፈው ወር ድንገት አመማትና ሳይነጋ አረፈች። በስልክ ልነግርሽ አልሆነልኝም።

እህትሽ አላለቀሰችም። ጠዋት ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር እሸኛታለሁ። «አባዬ፣ ትልቅ ልጅ እኮ ነኝ!» ትለኛለች። «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» እላታለሁ።

ትናንት የሟቿ እናት የልጇን ዩኒፎርም ይዛ ልብስ ስፌት ቤቴ መጣች።

«ለታናሿ አሳጥርልኝ» አለችኝ።

አጠገቤ የነበረችው እህትሽ ዩኒፎርሙን ከእጄ ቀማችኝ። «እኔ ልተርትረው» አለችና እየተረተረች ማውራት ጀመረች፤ ልጅቷ መምህሩን አስመስላ ስትናገር ሁለቱም ከክፍል እንደተባረሩ። እናትየው ሳቀች። «ለኔ ሆዴን አመመኝ ብላ ነው የመጣችው!» አለች። እየሳቁ ሳለ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ ጨርቅ ሳላስገባ የስፌት መኪናዬን አሽከረከርኩ።

ለእረፍት ስትመጪ እህትሽ አልጋዋን ልታካፍልሽ ነው፤ እንዳትራገጪ ብላለች። በደንብ ብዪ፣ በጊዜ ተኚ። ማታ ማታ ስደውልልሽም «ምነው አባዬ?» አትበይኝ፤ ብቻ አንሺው።

አባትሽ