የማስጀመሪያ ክፍያ

ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን
ከቤት

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? ብርዱ ከበረታ ደረትሽን ሸፍኚ፤ ልጅ ሆነሽም ጉንፋን የሚጠናብሽ ደረትሽ ላይ ነበር። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላ የሚያስከፋ ነገር የለኝም። አልነበረኝም ልበል። ዛሬ ግን ተናድጃለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ከዓይኔ ሳይሆን ከንዴቴ ነው። ወረቀቱን የምታደርስልሽ ሐሙስ አንቺ ወዳለሽበት አገር የምትበረው የአክስትሽ ጎረቤት ናት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ባለፈው ስናወራ፣ «አባባ፣ ድምፅህ እየተቆራረጠ አይሰማኝም፤ እባክህ ኢንተርኔት አስገባ፣ ያን ጊዜ ፊት ለፊት እየተያየን እንደ ልባችን እናወራለን» ብለሽ ዘጋሽ። እኔም ይህን ቃልሽን ይዤ ተነሳሁ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ከእኔ ጸሎት በቀር ድምፅ የለም፤ የአንቺን ፊት ባይ ግድግዳው ራሱ የሚስቅ መሰለኝ።

ከቤታችን ማዶ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ «ኢንተርኔት ለቤትዎ፣ ዝርጋታ በነፃ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «በነፃ» የምትለዋ ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ ገዝፋ፣ ቀይ ለብሳ ቆማለች። ሰው እንዲህ በአደባባይ፣ በቀይ ቀለም ይዋሻል ብዬ አልጠረጠርኩም። ሄጄ ተመዘገብኩ።

ሠራተኛው መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ አንደበቱ ጨዋ፣ ጫማው የተወለወለ። መሰላል ግን አልያዘም።

«አባባ፣ መሰላል ይኖርዎታል?»

«ግንበኛ ቤት መጥተህ መሰላል ይኖርዎታል ትላለህ?» ብዬ አወጣሁለት።

ሁለት እርከን ወጣና ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከፍታ ያዞረኛል፣ አባባ።»

«ታዲያ ይህን ሥራ ማን መረጠልህ?»

«ቢሮ ያስቀምጡኛል ብዬ ነበር እኮ የተቀጠርኩት!»

ሳቅኩ ልጄ፤ እውነቴን ነው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ከሆዴ ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ እኔው ወጣሁ። ጉልበቴ እየሰደበኝ ገመዱን በጣሪያው ጠርዝ ሥር አሳለፍኩት። ግድግዳውን ታውቂዋለሽ፤ እናትሽን ላገባ ስል በገዛ እጄ የሠራሁት የድንጋይ ግንብ ነው። የልጁ መሰርሰሪያ እንደ ትንኝ ጮኸና ጋለ እንጂ ቅንጣት አላነሳም። መሮዬንና መዶሻዬን አምጥቼ ስወቅጥ ዋልኩ። እሱ ከታች መሰላሉን አቅፎ «በርቱ አባባ! ትንሽ ነው የቀረው!» ይለኛል፤ እሱ አሠሪ፣ እኔ የቀን ሠራተኛ። በገመዱ ዙሪያ የተረፈውን ክፍተትም በሲሚንቶ የደፈንኩት እኔው ነኝ። ከዚያ እሱ ገመዱ የሚገባባትን ሳጥን አገናኘ፣ ስልኬ ላይም የምንተያይበትን ነገር ጫነልኝ። «ይቺ አረንጓዴ መብራት ከበራች ሕይወት አለው ማለት ነው» ብሎኝ ሄደ።

አክስትሽ መስመሩ መግባቱን እንደነገረችሽ፣ አንቺም «እሺ፣ እደውልለታለሁ» እንዳልሽ አጫወተችኝ። እኔም ሲመሽ ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ ተቀመጥኩ። የእናትሽ ፎቶ ከትከሻዬ በላይ እንዲታይሽ ብዬ ወንበሩን ስገፋ ስጎትት ወለሉን ፈገፈግኩት። ስልኩ ዝም። በማግሥቱም ዝም። በሳምንቱም ዝም። እስቲ እኔ ልሞክር ብዬ ስደውል ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። አረንጓዴዋ መብራት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ታፈጥብኛለች። ገባኝ፤ መስመሩ ሙት ነው። ሬሳ ገጥመውልኝ ሄደዋል።

በዚህ ላይ ነው ሂሳቡ በስልኬ የመጣው። አንዱ «የዝርጋታ ክፍያ፣ የድንጋይ ግድግዳ» ይላል። ሌላው «የማስጀመሪያ ክፍያ» ይላል። እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ መስመሩ ይቋረጣል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ! በገዛ መሮዬ፣ በገዛ ጉልበቴ፣ የገዛ ግድግዳዬን ለበሳሁበት ክፈል? ምን ዓይነት ዓይን አውጣነት ነው? ወሬ ስለማያመልጣት ሬዲዮ የምንላት ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ምን ሆነህ ነው ብቻህን የምትጮኸው?»

ነገርኳት።

«ዝም ብለህ ልትከፍል? አንተን የጎዳህ ጨዋነትህ ነው! ሂድና ቢሮውን አናውጠው!»

ዛሬ ጠዋት ላናውጠው ሄድኩ። ጸሎቴን እንኳ አልጨረስኩም፤ «እኛም ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ አቋርጬ ወጣሁ።

ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ እስክሪብቶዋን እንዳንሰርቃት በገመድ አስራዋለች። ማን ማንን መጠርጠር ነበረበት?

«አባባ፣ ነፃ የሚባለው ለብሎኬት ግድግዳ ነው» አለችኝ።

«ምሰሶው ላይ ብሎኬት የሚል አለ?»

«ዝርዝሩ ከታች በትንሹ ተጽፏል።»

«ውሸታችሁን በትልቁ፣ እውነታችሁን በትንሹ ነው የምትጽፉት?»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ፍንክች አላለችም።

«ድንጋይ መብሳት የባለሙያ ድካም አለው፣ አባባ።»

«አለው እንጂ! ድካሙ ግን የእኔ ነው! እስቲ ባለሙያሽን ጥሪው!»

አስጠራችው። ሻዩን እንደያዘ ከጓዳ ወጣና ሲያየኝ ደነገጠ። ያኔ ነው እኔም የደነገጥኩት። አሁን አፌን ብከፍት ይህን ልጅ ከሥራው ላፈናቅለው ነው? ለንዴቴ ብዬ? እሱ ግን ሻዩን አስቀመጠና፣

«እውነታቸውን ነው። የበሱት እሳቸው ናቸው። እኔ መሰላል ነው የያዝኩት» አለ።

«መሰላሉስ የማን ነበር?» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«የሳቸው።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። «አባቴ፣ እኔም ቤት ብቅ ይበሉልኝ!» ይላል ሌላው። ልጅቷም አፏን በእጇ ሸፍና የዝርጋታውን ሰረዘችልኝ። «ከአንተ ጋር በኋላ እናወራለን» አለችው፤ አነጋገሯ ግን ክፋት አልነበረውም።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ሰው እየሳቀልኝ መሆኑ ልቤን አሳበጠው። ወደ ሁለተኛው አለፍኩ።

«ማስጀመሪያ ያላችሁትስ? ምኑን ነው ያስጀመራችሁት? ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን አልሠራም!»

ወደ ኮምፒውተሯ አየች። «አባባ፣ መስመሩ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይሠራል። እዚህ ይታየኛል።»

«አይሠራም እላለሁ! ውጭ አገር ያለችው ልጄ እደውላለሁ ብላለች፣ አልደወለችም። እኔም ስደውል ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ደህና መስመር ቢሆን ልጄ የእኔን ስልክ ሳታነሳ ትቀራለች?»

ቅድም የሳቀው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ልጅቷ ገመድ የታሰረበትን እስክሪብቶ ታገላብጣለች። ሠራተኛው ጫማውን አየ። ለምን እንዲያ እንደሆኑ አልገባኝም ነበር፤ ያሸነፍኳቸው ነው የመሰለኝ።

«አብሬዎት ሄጄ ልየው» አለ ሠራተኛው።

ቤት ደረስን። ሳጥኗን አየ፣ ምንም አልነካም። «እርስዎ እዚህ ይቀመጡ» ብሎኝ ከግቢው በር ወጣ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ቤቱን ሞላው። ነካሁት፤ የልጁ ፊት ወለል ብሎ መጣ፣ ሲላጭ አገጩ ላይ የቆረጠው ሳይቀር ይታያል።

«እታይዎታለሁ?»

«ትታየኛለህ።»

«ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።»

ተመልሶ ገባና በሩ ላይ ቆመ። «አባባ፣ እዚያ እኮ ሰዓቱ ይለያያል። ሥራም ይበዛል።»

«አውቃለሁ! የልጄን ሥራ አንተ ልትነግረኝ ነው? ሂድ ወደ ሥራህ!» ብዬ ጮህኩበት። ያንን ጨዋ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ፊት እውነት የመሰከረልኝን። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መሰላሌን ግድግዳው ላይ አስደግፎልኝ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግኩት፤ ለሌላ ቤት ሥራ ወጥቷል። ልጅቷ «ቅሬታዎን ላስገባልዎት፤ ማስጀመሪያውም ሊነሳልዎት ይችላል» አለችኝ። «ተዪው፣ ይሠራል» ብዬ ከፈልኩ።

ታዲያ ንዴቴ ለምን አልበረደም? አንዱን ሰረዙልኝ፣ አንዱን ከፈልኩ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው። ከምን ጋር ነው እስካሁን የምጣላው? አሁን ይህን ከመጀመሬ በፊት የጠዋቱን ጸሎት ላሟላ ቆሜ ነበር። ማንን ይቅር ማለት እንዳለብኝ ስሙን ልጠራ ሞከርኩ፤ ካምፓኒውን ጠራሁ፣ የምሰሶውን ወረቀት ጠራሁ። ራሴንም ጠራሁ፤ ምናልባት ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ብዬ። የቀረውን አምላክ ያውቃል።

ይኸው ነው ልጄ። የጻፍኩልሽ መስመሩ ደህና መሆኑን እንድታውቂ ነው። ሌላ ሰው «አይሠራም ተባለ» ቢልሽ አትመኚ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሳጥኗን አላጠፋትም፤ መብራቷ ቀንም ማታም አረንጓዴ ናት።

የወጣሽበት መንገድ ቀና ይሁንልሽ። የምታድሪበት ቤት ይሙቅልሽ፤ ፊትሽን የሚያዩት ሁሉ በክፉ አይዩሽ። እናትሽን የወሰደ አምላክ አንቺን ይጠብቅልኝ።

ግንበኛው አባትሽ

ማሳሰቢያ፦ ወንበሩ ያው ቦታው ላይ ነው። ስትደውዪ ቶሎ ባላነሳ እንዳትዘጊው፤ ጉልበቴ ነው። እየመጣሁ ነው።