ከሲሊንደሩ ንፋሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ

እንድሪስ፣ ሰላም በአንተ ላይ ይሁን፤ አጠገብህ ባሉትም ላይ።

ለእናትህ፣ ለልጃችን ለሰሚራ፣ ለቅሶ ለደረሰው ጎረቤት ሁሉ ያልነገርኩት ነገር አለ። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ በዙሪያው እየዞርኩ "ማረኝ" እላለሁ እንጂ በስሙ አልጠራውም። ያን ቀን ከመኪናህ ሥር ካለው ሲሊንደር ንፋሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቫልቩ አላፈሰሰም። ደሳለኝ አላጠፋም። እኔ ነኝ።

ይህን ጽፌ ተነሳሁና እስከ አጥሩ በር ሄጄ ተመለስኩ። ረግቶ መቀመጥ አልሆነልኝም። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ እናትህን አያለሁ፣ መንገዱን አያለሁ። ታገሠኝ።

ከተለየኸን አንድ ክረምት አልቆ ሁለተኛው ተጋምሷል። ከቆቦ በኩል ያ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደገና ይሰማል። ከወልድያ የሚወርደው ሰው አስፋልቱን ይዞታል፤ ባጃጁ ፍራሽ ጭኖ፣ ሽማግሌው ከዘራውን ይዞ፣ ሴቷ ልጅ አዝላ። ልክ እንደ አምናው። መርሳም እንደ አምናው "ይመጣሉ፣ አይመጡም" እያለች ዕቃዋን ትቋጥራለች። እኔም ቋጥሬያለሁ። ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

የቤቱን ልንገርህ። ሰሚራ በቁመት በልጣኛለች። ጃኬትህን ለብሳ ነው የምትውለው፤ ሦስቴ ታጥፈው የነበረውን እጅጌ አሁን አንዴ ብቻ ታጥፈዋለች። መኪናህ ይቆምበት የነበረው ቦታ ሣር በቅሎበታል፤ ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ግን እስካሁን እምቢ ብሏል። እናትህን እግራቸው ከድቷቸዋል። አምና "ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው" ብለው ያስቸገሩህ ሴትዮ፣ ዘንድሮ የቆላው መንገድ በመቃብርህ በኩል እንደሚያልፍ ሲሰሙ "ውሰዱኝ፤ አፈሩን አንድ ጊዜ በእጄ ልንካው" አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሻሻቸውን አስረው በር ላይ ተቀምጠዋል። ብርድ ነው ግቡ ብላቸው "አንቺ ብቻ መኪናውን አምጪው" ይሉኛል።

መኪናው ያለው ደሳለኝ ጋ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ጎማ ሲጠግን አብሮህ ያረጀው ጓደኛህ። አውቶቡስ ቆሟል፤ በአስፋልቱ የሚያልፈው ሁሉ ከወልድያ ሞልቶ ነው የሚመጣው። እናትህ ደግሞ እንኳን እስከ ውርጌሳ እስከ መስጊዱም በእግራቸው አይደርሱም። ደሳለኝ አሮጌ ፒክአፕ አለው፤ ያንተን ሲሊንደር አስፈቅዶኝ ገጥሞበታል። የቆላው መንገድ የሚሻገረውን ወንዝ የሚያውቅ፣ ጎማ አስተንፍሶ አሸዋውን መሻገር የሚችል ከሱ ሌላ በከተማው አልቀረም። እሱ ግን እንቢ ብሎኛል። እንቢ ያለበትን ምክንያት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሁለታችሁ ያን ሲሊንደር ከተፈታታ የጭነት መኪና አውጥታችሁ ከላንድክሩዘርህ ሥር ስታስሩት ትዝ ይልሃል? ያቺን በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ከጎኑ ስታቆሙ ሳቅኩብህ። "ጎሚስታ ጓደኛ እያለህ ንፋስ ተሸክመህ ልትዞር ነው?" ስልህ፣ "ጎሚስታው ከወንዙ ማዶ የለማ!" አልከኝ። በኋላ አንድ ጊዜ ይዘኸኝ ወርደህ በዓይኔ አየሁት። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ያለው አሸዋ ጫፍ ላይ ቆመህ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አስተነፈስካቸው። አንዱ ተሳፋሪ "ሾፌር፣ የሞላኸውን ንፋስ ለምን ትደፋዋለህ?" ሲልህ፣ "አሸዋ ጥጋበኛ አይወድም፤ የራበው ጎማ ነው የሚያሻግር" አልከው። እውነትም እንደ ግመል እግር ተነጥፈው አሻገሩን። ማዶ ስንደርስ ድንጋይ ነው፤ በለሰለሰ ጎማ ድንጋይ ላይ መንዳት ጎማውን ማስበላት ነው። ቱቦውን ከሲሊንደሩ ሰካህ፣ ሰዉ ወርዶ እግሩን አፍታቶ ሳይጨርስ አራቱም ቆሙ። ኮምፕሬሰሯ ብቻዋን ብትሆን ግን ያንን ለመሙላት ብዙ ትቆያለች። ቶሎ ስለምትግልም እየነዳህ አታስነሳትም ነበር። ለዚህ ነው ሲሊንደሩን ሁልጊዜ ከቤት ሞልተህ የምትወጣው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ፈትቼ፣ ዝገት እንዳይበላው የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ የእኔ ሥራ ነበር። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት የንፋስ መለኪያውን ቁጥር ነው፤ ፊደሉ ከሰሚራ ኋላ ቆሜ ደብተሯን ሳይ በኋላ መጣ። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳነብ ደርሰህብኝ "ዘሑ፣ የገዛሽው ስኳሩን ነው ጋዜጣውን?" ብለህ ቀልደህብኝ ነበር። በማግስቱ ግን ሙሉ ጋዜጣ ይዘህልኝ መጣህ።

አሁን ተነስቼ እናትህን ውሃ አጠጣሁ። እጄን ያዝ አድርገው "ምን ሆነሻል ልጄ?" አሉኝ። ምንም አልኳቸው።

ያን ቀን ጠዋት አንድ ጊዜ ከጦርነቱ የሚሸሽ ሰው ወንዙን አሻግረህ ተመለስክ። ሲሊንደሩን እንደገና ሞላህ። ከወልድያ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ከነባለቤታቸው፣ አንዲት አራስም ከአጥራችን ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቁሃል። "ይብቃህ፤ ድምፁ ቀርቧል" አልኩህ። "የኔ እናት አልሄድም አለች፤ እሄዳለሁ የሚለውን ደግሞ ልከልክል?" አልከኝ። ለሶላት ዉዱእ ልታደርግ ወደ ጓሮ ስትዞር ከመኪናው ሥር ገባሁ። ቡሎኗን ፈታሁ። እንዳይሰማ ሻርፔን ጠቀለልኩበት። ቀዝቃዛው ንፋስ በጣቶቼ መሃል ወጥቶ እስኪያልቅ ያዝኩት፤ ከዚያ መልሼ አጠበቅኩት። መለኪያውን በጥፍርህ መታ መታ ሳታደርግ ከግቢ ወጥተህ አታውቅም። ባዶ መሆኑን ታያለህ፣ ኮምፕሬሰሯን ታስነሳለህ፣ እስክትሞላ ቀኑ ይሄዳል፣ ትቀራለህ። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ያን ቀን ሳታየው ቀረህ። የአራሷ ልጅ ይጮሃል፤ ሽማግሌው "ቶሎ በል ልጄ" አሉህ፤ ሞተሩን አስነሳህ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርገህ "ምነው ዘሑ?" አልከኝ። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይተህ ነበር። "ንፋስ የለውም" ማለት ብቻ ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል። ብነግርህ ግን ያደረግሁትን ታውቃለህ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፈርኩ። "በሰላም ግባ" አልኩህ።

የቀረውን የሰማሁት አገሩ ሲረጋጋ፣ በሰደቃህ ቀን ነው። ያሻገርካቸው ሽማግሌ ሊያጽናኑን መጥተው ሰው በተሰበሰበበት ተናገሩ። አሸዋውን በለሰለሰው ጎማ ተሻገራችሁ፤ ድንጋዩ ጋ ስትደርሱ ቱቦው አልተነፍስ አለ። ኮምፕሬሰሯን አስነስተህ "ይህች ትቆያለች፤ እናንተ ወደ ዛፎቹ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ" ብለህ ላክሃቸው። ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ ከየት እንደተተኮሰ ያልታወቀው ከባድ መሣሪያ አንተ የቆምክበት ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ይህን ብለው ዝም ቢሉ ጥሩ ነበር። "ሲሸኘንማ ይስቅ ነበር" አሉ። "'ሰሞኑን ደሳለኝ የቀየረልኝ ቫልቭ ነው ያፈሰሰው፤ ስመለስ ጆሮውን ነው የምይዘው' እያለ።"

ደሳለኝ እዚያው ነበር፤ ለእንግዶች ውሃ ይቀዳ ነበር። ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። አየሁት። ጆጉን አንስቼ ቀሪውን እኔ ቀዳሁ።

ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ሌላ ሰው ሆነ። አንዱን ጎማ ሦስት ጊዜ የሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋ ይፈልጋል። ሾፌሮቹ "ደሳለኝ፣ ጎማ ነው የምትጠግን ሙሽራ ነው የምታጥብ?" እያሉ ያላግጡበታል። አይስቅም። ጣሪያችንን እሱ መታልን፣ እንጨት ይፈልጥልናል፣ በዒድ ቀን መጥቶ አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ይቆማል። እኔ "አላህ ይስጥህ" እያልኩ እቀበላለሁ። ለራሴ ኃጢአት ሌላ ሰው እንጨት ሲፈልጥልኝ ዓመት ሙሉ ቆሜ አየሁ። ሲሊንደሩን ከተመታው መኪና ሥር ፈትቶ አምጥቶ ሞልቶት ነበር። ሳምንት ቆይቶ መጣና "እት ዘሐራ፣ የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም። ጠብ አይልም። ታዲያ ያን ቀን ምን ሆነ?" ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ልጅ ነው የጠየቀኝ። "እኔ እንጃ" አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ እናትህን አሻግርልኝ አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። "እማማን? ልጃቸውን በጨረስኩበት ወንዝ? አላደርገውም። በአስፋልት ከሆነ ተሸክሜያቸው እሄዳለሁ፤ እኔ በገጠምኩት ንፋስ ግን ሰው አላሻግርም።" አፌን ከፈትኩ። አንተ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ እንዳየኸኝ አየኝ። "እሺ" ብዬ ተመለስኩ። በአፌ እንደማይወጣ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ንፋስ ቢኖር ሁላችሁም መኪናው ውስጥ ሆናችሁ ድንጋዩን አልፋችሁ ነበር፤ ምናልባት ትተርፍ ነበር። ምናልባትም አራሷ ከነልጇ አብራህ ትመታ ነበር። ይህን ስገለብጠው ስንት ቀን መሸ፤ ወዲህም ወዲያም አይረጋልኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ደሳለኝ የለበትም። እጁ ደህና ነው። እናትህን የሚያሻግር እጅ ነው።

እናትህ ይሰማሉ። ከሰሙ በኋላ አጠገቤ መቀመጥ ባይፈልጉ ከኋላ ከዕቃው ጋር እሆናለሁ። ሰሚራም ትሰማለች፤ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ፒክአፑ መቃብርህ ጋ ሲቆም እሳቸው መጀመሪያ ይውረዱ፤ እኔ ከፈቀዱልኝ እወርዳለሁ።

እስካሁን ሳስታውስህ ካንተ ላይ አንድ ቀን እየቆረጥኩ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አልቆርጥም። ሳቅህን ሳስታውስ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ "ምነው?" ያልከኝንም አብሬ አስታውሳለሁ። ቅዳሜም ሲደርስ፣ የትም ብንሆን፣ ደሳለኝ ከፈቀደልኝ ከፒክአፑ ሥር ገብቼ ውሃውን አፈስሳለሁ፤ ሲሊንደሩ መልሶ መሙላቱንም በዓይኔ አይቼ እነሳለሁ።

እናትህ አሁንም በሩ ላይ ናቸው። የአሱር ሶላት ሳይደርስ እወጣለሁ። ይህን ወረቀት የሚቀበለው ደሳለኝ ነው። ሥራ ቦታው ላይ አስቀምጬለት አልሸሽም፤ በእጁ ነው የምሰጠው። ንባቡ ቀስ ያለ ነው፤ ጨርሶ ቀና እስኪል ድረስ ፊቱ እቆማለሁ።

ዘሐራ